መሹለኪያ ያልተተወለት አጥር

እማማ ሰብሌ የሞቱት ቆመው ነው። የወደቁት በኋላ፣ ልጃቸው ሮጦ የኤሌክትሪኩን ፕላግ ሲነቅለው ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት እጃቸው አዲሱን የአሉሚኒየም አጥር እንደጨበጠ፣ ባዶ እግራቸው የሌሊቱ ዝናብ ያራሰው መሬት ላይ እንደተተከለ ነበሩ። ከሩቅ ላያቸው ሰው ጎረቤት የሚያዋሩ ይመስሉ ነበር። የቤቱ ሰዎችም እንደዚያው መስሏቸው ቁርሳቸውን ሲበሉ ቆይተዋል።

አጥሩ ግን ያምር ነበር። በሬሳ ፊት ይህን መናገር ነውር ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው፤ ጩኸት ሰምቶ የገባው የሆሳዕና ሰው ሁሉ መጀመሪያ አጥሩን አየ፣ ቀጥሎ ሬሳውን። ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ዘንጎቹ በእኩል የተደረደሩ፣ በዘንግና በዘንግ መካከል የሰው ክንድ የሚያሳልፍ። አንዳንዱ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ በዓይኑ ግን የእርሱ ግቢ ስንት ፓኔል እንደሚፈጅ ያሰላ ነበር።

ኢንስፔክተር ትርፊት በባጃጅ ስትደርስ ገዳዩ ተገኝቶ ነበር። ሳጅን ቲቶ በር ላይ ጠብቆ ነገራት።

«አጥሩን የገጠመው ልጅ ነው። ኸይረዲን ይባላል፣ የፎንቆ ልጅ። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ጫፉን ራቁቱን አጥሩ ሥር ጥሎት ሄዷል። ጠዋት አሮጊቷ አጥሩን ያዙ፣ አለቀ። ራሱም አልካደም።»

«ካልካደ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ሰዉ ሊደበድበው ነው። አለቃ ይኑር ብለን ነው።»

ትርፊት የባለ ሱቅ ልጅ ናት። ከባንኮኒ ኋላ ያደገ ልጅ የደንበኛውን ፊት ሳይሆን እጁን ማየት ይለምዳል፤ ፊት ሲስቅ እጅ ሳሙና ኪስ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ዛሬም ሰው ስትተዋወቅ ከፊቱ በፊት እጁን ታያለች። ይህ ጠባይዋ ብዙ ሰው ያስቀይማል፣ እሷ ግን ደንታም የላትም። ጎንበስ ብላ የሟቿን ነጠላ ገለጠችና እጃቸውን ገልብጣ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች።

«ቲቶ፣ ና እይ። መዳፋቸው ምን ይመስላል?»

«ደህና ነው። ምንም የለውም።»

«ጣቶቻቸውስ?»

ቲቶ ጎንበስ አለና ፊቱን አዞረ። የጣቶቹ ውስጠኛ ጫፍ ከስሏል።

«ቅድም ዘንጉን ጨብጠው ነበር ብለኸኛል። በል አንተም ብዕሬን ጨብጥ። መዳፍህ የነካው በአንተ በኩል ያለውን ፊት ነው። ጣቶችህ ደግሞ ዞረው የነኩት በወዲያ ያለውን ነው። አይደለም?»

«ነው። ታዲያ?»

«ታዲያማ ገና ነው» አለችና ነጠላውን መለሰችው።

ኸይረዲንን መኪና ውስጥ፣ እድሜው ጠና ያለ ፖሊስ ሲጠብቀው አገኘችው። በካቴና የታሰሩት እጆቹ በአሉሚኒየም ብናኝ ግራጫ ሆነዋል። ሚስቱ ሃቢባ ከፎንቆ ደርሳ ከመኪናው ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሰፈሩ ሴቶች በአጠገቧ ሲያልፉ የሚሏትን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዷ ግን ምራቋን ተፍታባታለች።

«ገመዱን ሳትነቅል ነው የሄድከው?» አለችው ትርፊት።

«አዎ። በሩ ጋ ያለው ሥራ ስላላለቀ ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ረሳሁት። ጫፉም ራቁት ነው። ድሪሉን በዚያው እያጠላለፍኩ ነው የምሠራው። ወላሂ አልዋሽም፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ሁልጊዜ በራቁት ገመድ ነው የምትሠራው?»

«ሁላችንም እንደዚያው ነን።»

«እሺ። የአጥሩ ቀለም በብሩሽ የተቀባ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ከፋብሪካ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ ነው የሚመጣ። እኛ ቆርጠን፣ በብሎን አስረን መትከል ነው። የቋሚዎቹን እግር ሬንጅ እንቀባዋለን፣ ሲሚንቶ አሉሚኒየምን ስለሚበላው። ቀለሙ ግን አይነካም።»

«ይህ ቀለም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል?»

ኸይረዲን ወደ አጥሩ ዞሮ አየ። የራሱን ዕቃ ገና አሁን ያሰበው መሰለ።

«አያሳልፍም» አለ ቀስ ብሎ። «ሲሸጥም ይህን እንናገራለን። እዚህም ስገጥም ተናግሬያለሁ፣ የዚህም የዚያም ግቢ ሰው ቆሞ ሲያይ። ቀለሙ ካልተላጠ ይህ አጥር ሰው አይዝም ብዬ። ግን ምናልባት ስገጥም ጭሬው ይሆናላ።»

«ራስህን ለማሰር ቸኩለሃል። ሌላ የምትነግረኝ አለ?»

«አንድ ነገር አለ። እሳቸው የሞቱበት ቦታ ላይ አሮጌው የእንጨት አጥር መሹለኪያ ነበረው። መሬቱ በእግር ብዛት ጎድጉዷል፣ ሣር አይበቅልበትም። ትንሽ በር ልተውለት ብዬ አቶ ብዙነህን ጠየቅኩ። ዝጋው አሉኝ።»

አቶ ብዙነህ የሟቿ ብቸኛ ልጅ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ብዙ በር ሲቆልፍ የኖረ ሰው ነው፤ ቤቱ ሲገባም ይኸው ልማዱ አልለቀቀውም። ትርፊትን ሳሎን አስገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሚስቱ ሂሩት በር ተደግፋ ቆመች።

«ለምን አዘጋኸው?» አለችው።

«እናቴ አእምሮዋ ሸሽቷል። አንድ ቀን ጠፍታ በሌሞ መንገድ ላይ ጋሪ ሊጨፈልቃት ሲል ነው ያገኘናት። መሹለኪያ ትቼ እንዴት እይዛታለሁ? አጥሩን ያሠራሁት ለእሷ ነው።»

«ለእሷ ነው» አለች ሂሩት ከበሩ። «ሰው ሲጠይቀው ለውበት ነው ይል የለ?»

ትርፊት ወደ ሂሩት ዞረች። የሂሩት እጅ በሳሙናና በበረኪና ተሰነጣጥቋል።

«አንቺ ነሽ ያገኘሻቸው?»

«እኔ ነኝ። ብዙነህ ሊይዛቸው እጁን ሲዘረጋ ገመዱን አየሁና እሱን ወደ ኋላ ጎተትኩት። እሱ ፕላጉን ነቀለ። ከዚያ ገመዱን ጎትቶ ወዲያ ወረወረው።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኢንስፔክተር፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ዛሬ በደንብ እተኛለሁ። አልጋቸውን የማጥበው እኔ፣ በእንግዳ ፊት ሌባ የምባለው እኔ። አላለቀስኩም፣ አላለቅስምም።»

«ሂሩት» አለ ባልዬው።

«ምን? አንተስ ስንት ቀን ‹ጌታ ምነው ባሳረፋት› ብለሃል?»

ይህ ትዳር እንዲህ ነው። ትርፊት ሁለቱንም በእኩል ጠላቻቸው፣ ሥራዋን ግን አላቆመችም።

«ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ድሮ በመሹለኪያው ወደ እማማ ሊዲያ ቤት ይገቡ ነበር» አለች ሂሩት። «እንደ እህትማማች ናቸው። አጥሩ ሲዘጋ እዚያው ቆመው መጣራት ጀመሩ። ያውም ጮክ ብለው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ‹ሊዲያ፣ ልጁን ተቀበዪኝ፣ በርዶታል› ይላሉ። እማማ ሊዲያ ወጥተው፣ በወዲያ በኩል እነዚያኑ ዘንጎች ይዘው፣ እጃቸውን እስኪነኳቸው ድረስ አያቆሙም።»

«የማንን ልጅ ነው?»

ሂሩት ባሏን አየችው። ባሏ መሬት መሬት አየ።

«የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ነው የሚሉት። ከዚህ በላይ ግን እኔን አትጠይቂኝ። በዚህ ሰፈር ላይ የማላወራው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።»

ትርፊት የሂሩትን አፍ በአንድ ጊዜ ትውውቅ ለክታዋለች። ይህ አፍ የሚፈራው ወይም የሚያከብረው ነገር ካለ ማወቅ ይገባል ብላ አሰበች።

የእማማ ሊዲያ ቤት ለመድረስ አሁን በመንገድ መዞር ግድ ነበር። እማማ ሊዲያ ያበጠ ጉልበታቸውን ዘርግተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሶፎንያስ ለትርፊትና ለቲቶ ወንበር አመጣ፣ ወንበሩንም በመሀረብ ጠረገው። አስተማሪ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም የመዘምራን መሪ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ልጁን መቅጣት የፈለገ ወላጅ ‹ምነው እንደ ሶፎንያስ በሆንክ› ይላል። በሚቀጥለው ወር ሮዳስ የምትባል የዱራሜ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ለሠርጉ የተሰፋው አዲስ መጋረጃ ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ትርፊት እጁን አየች። ንጹሕ እጅ ነው። ጥፍሮቹ እስከ ሥጋቸው ድረስ ተቆርጠዋል፣ የአንዱ ጥግ ገና ደም ይዟል።

«ሲሞቱ የት ነበርክ?»

«ከእናቴ ጋር፣ እዚሁ ነበርኩ። ጩኸት ስሰማ በመንገድ ዞሬ ሮጥኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አልደረስኩም። ለእኔም እናት ነበሩ።»

እማማ ሊዲያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህቴ እኔ እግሬን ስታጠብ ሞተች። በሳፋ ውኃ ውስጥ እግሬን ዘፍዝፌ።»

«እንዴት ነው እማማ?»

«ሰብሌ እንደ ሁልጊዜው ተጣራች። ልነሳ ስል ይሄ ልጄ የሞቀ ውኃ ይዞ መጣ። ‹እማ፣ ቁጭ በይ፣ እግርሽን ልጠብሽ› አለኝ። ሰብሌ ትጠራኛለች ብለው፣ ‹ትቆይሽ፣ የትም አትሄድ› አለኝ። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን እንዳጠበ ነው ያጠበኝ፣ ተንበርክኮ። ካደገ ወዲህ እንዲህ አድርጎልኝ አያውቅም።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሱ ባይዘኝ ኖሮ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ልጄ ነው ያተረፈኝ። ጌታ ዘሩን ይባርከው።»

«እማ፣ ይበቃል» አለ ሶፎንያስ። «ኢንስፔክተሯ ሥራ አለባቸው።»

«እውነቱን ነው፣ ሥራ አለብኝ» አለች ትርፊት። «ጓሮውን አንዴ ልየው?»

«ምን አለ በጓሮ? አደጋው በዚያኛው ግቢ ነው።»

«እንሰት ማየት እወዳለሁ።»

ከሶፎንያስ ፊት ላይ ምንም አልተነበበም። እጆቹ ግን አንዱ ሌላውን ያዘ።

በአጥሩ ጥግ ጥግ እንሰት ተተክሏል። ትርፊት መጀመሪያ ወደ አጥሩ ሄደች። ከብዙነህ ግቢ ሲታይ ጥቁርና እንከን የለሽ የነበረው ዘንግ፣ በዚህ በኩል ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቋል። አንዱ ከታች፣ መሬት አጠገብ ነው። ሌላው ከፍ ብሎ፣ የጎበጠች አሮጊት እጇን በምታሳርፍበት ልክ ነው። የተፋቀው አሉሚኒየም እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ፖሊሱም ሰፈርተኛውም የቆመው ሬሳው በነበረበት ወገን ስለሆነ ማንም አላየውም። ከሥሩ ያለው መሬት ተጠርጓል። የመጥረጊያውን መስመር ዝናብ አልነካውም።

ከዚያ ወደ እንሰቱ ዞረች። የእንሰት ቅጠል ዝናብ ሲመጣ ውኃውን ወደ ውስጥ ይመራል፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጣበቅበት ጎድጓዳ ቦታ ያጠራቅመዋል። ትርፊት በአጥሩ አጠገብ የቆመውን እንሰት አንድ ቅጠል ዝቅ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። በተጠራቀመው ውኃ ላይ ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ከውኃው ሥር የሚያበራ ብናኝ አለ።

ቲቶን ጠርታ አሳየችው። ውኃውን በጠርሙስ ቀዱት።

«አሁን አንድ ሥራ ልስጥህ» አለችው። «የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ ፈልግ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጠይቀው። አልነግርም ካለህ፣ ያልነገረህን ነገር እኔ እንደማውቀው ንገረው።»

በማግስቱ ከቀብር መልስ፣ በብዙነህ ግቢ ድንኳኑ ሥር ሰው ሞልቶ ነበር። ትርፊት የምትፈልጋቸውን ብቻ መርጣ ወደ አጥሩ ወሰደቻቸው። ብዙነህና ሂሩት መጡ። እማማ ሊዲያ ሶፎንያስን ተደግፈው መጡ። ሮዳስ ለለቅሶ ከዱራሜ መጥታ ስለነበር ከኋላቸው ተከተለች። ኸይረዲን በካቴና ነው የመጣው። ሃቢባን ማንም አልጠራትም፣ እሷ ግን ባሏን ተከትላ ቆመች። ቲቶ በእጁ ጠርሙስ ይዟል።

«ትንሽ ታገሡኝ» አለች ትርፊት። «ኸይረዲን ይህን አጥር ሲገጥም ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ብሎ ሁላችሁም ባላችሁበት ተናግሯል። ዋሽቷል?»

ጎንበስ ብላ ዘንጉን በጥፍሯ አንኳኳች።

«አልዋሸም። ትናንት ከመብራት ባለሙያ ጋር ሞከርነው። ራቁት ገመዱ በዚህ ጥቁር ቀለም ላይ ቢውል ቢያድር፣ ሰው አጥሩን ደገፍ ብሎ ሊያወራ ይችላል። ስለዚህ ኸይረዲን ገመድ መርሳቱ ብቻውን እማማ ሰብሌን አይገድልም። አንድ ሰው ገመዱን በዘንጎቹ መካከል ስቦ፣ ከታች ቀለሙን ፍቆ አስነክቶታል። ከላይ ደግሞ እሳቸው በሚይዙበት ቦታ ፍቋል። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።»

«ያው ኸይረዲን ነው ታዲያ» አለ ብዙነህ። «ከእሱ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን አለ?»

«እናንተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ነግሯችኋላ። አንተን ጠርጥሬሃለሁ፤ እናትህን የሰለቸሃቸው ሰው ነህ። ሂሩትንም ጠርጥሬያለሁ፤ እሷ እንዲያውም አልደበቀችኝም። ግን እናትህ የተቃጠሉት መዳፋቸው ላይ አይደለም፣ ጣታቸው ላይ ነው። ከዚህ ግቢ ቆሞ የሚፍቅ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ይፍቃል፤ ያኔ መዳፋቸው ነበር የሚቃጠለው። ጣታቸው ነው ዞሮ የተፋቀውን ያገኘው። የተፋቀው በእማማ ሊዲያ ግቢ በኩል ነው። ብናኙን ጠርጎታል፤ እንሰቱ ውስጥ የገባውን ግን አላየም።»

ቲቶ ጠርሙሱን ከፍ አደረገው። ብርሃን ሲነካው ሥሩ አበራ።

እማማ ሊዲያ ግራ ተጋብተው ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ።

«እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳት?»

«እርስዎ አይደሉም እማማ» አለች ትርፊት፣ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ። «እርስዎ በየጠዋቱ ወጥተው እነዚያኑ ዘንጎች በወዲያ በኩል ይይዙ ነበር። የተፋቀው ፊት የእርስዎ መዳፍ የሚያርፍበት ነው። እንደ ልማድዎ ወጥተው ቢሆን ከእሳቸው ጋር እኩል ይሞቱ ነበር። ይህን ወጥመድ የዘረጋው ሰው ወይ ሁለታችሁንም ሊገድል ፈልጓል፣ ወይም እርስዎ በዚያ ጠዋት እንደማይወጡ እርግጠኛ ነበር። እርግጠኛ የሚሆነው ደግሞ ራሱ ከያዝዎት ብቻ ነው።»

እማማ ሊዲያ እግራቸውን አዩ። ከዚያ የተደገፉትን ክንድ ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እናቴን እግሯን ማጠብ ወንጀል ሆኖ ነው?» አለ ሶፎንያስ። ድምፁ የመዘምራን መሪ ድምፅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። «ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«እስከ ጥፍርህ ሥር የቆረጥከው ለምንድነው? ጥቁሩ ቀለም አልለቅ ብሎህ ነው። ጥፍር ብቻውን አያሳስርህም ይሆናል። ግን እናትህ የመሰከሩት ቃል አለ፤ እማማ ሰብሌ እየተጣሩ ‹ትቆይሽ፣ የትም አትሄድ› ብለሃል። ልክ ነበርክ፤ አልሄዱም።»

«ለምን ብዬ? ምን አድርገውኝ?»

«እሱን አንተ ብትናገረው ይሻል ነበር። መሹለኪያው ክፍት ሳለ እማማ ሰብሌ የሚሉትን የሚሉት በእናትህ ማእድ ቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነበር። አጥሩ ሲዘጋ ያንኑ ነገር ለመናገር መጮህ ግድ ሆነባቸው። የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ተቀበዪኝ። በየጠዋቱ። ልጁም አንተ እንደሆንክ ሽማግሌው ለቲቶ ነግሮታል። ሠርግህ ደግሞ ደርሷል፤ የሙሽራዋ ዘመዶች መመላለስ ጀምረዋል።»

በዚህ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው የሠራው ጀበና ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሠሪው ግን ከበር ይመለሳል። ወንጌል ሲሰበክ ሁሉም አሜን ይላል፣ ልጁን ሊድር ሲል ግን አጥንት ይቆጥራል። ሶፎንያስ ይህን ሲሰማና ሲፈራ ያደገ ሰው ነው። ለዚህ አዝኜለታለሁ። ለሠራው ግን አላዝንለትም።

«ሮዳስ ትሰማለች ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። የሚናገረው ለትርፊት ሳይሆን ለራሱ ነበር። «የምትወደውን ሰው ለማጣት አንዲት ያበደች አሮጊት ትበቃለች። በየጠዋቱ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር የምሰማት። ዝም ብትልልኝ ብዬ ጸልያለሁ።»

ሮዳስ ወደ ፊት ወጣች። ገና ቀጭን፣ ልጅ እግር ናት፤ ጥቁር ሻሿ ግንባሯ ላይ ወርዷል።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«አባቴ ሽማግሌዎቹን ከመቀበሉ በፊት ሰው ልኮ አስጠይቋል። ሁሉንም ነግረውታል። አንድ ሳምንት አልበላም አልጠጣም፣ ከዚያ ጠራኝና ‹የሰው ልጅ ነው፣ ጌታን ይወዳል፣ አንቺ ምን ትያለሽ› አለኝ። እሺ አልኩ። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ሶፎንያስ ብዙነህን አየ። ብዙነህ ዓይኑን አሸሸ።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለች ሂሩት። «እኔ እንኳ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ነው የሰማሁት። ስለ እኔ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፣ አፌ አያርፍም። በዚህ ነገር ግን አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ ብዬ አይምሰልህ፣ ለሁለቱ እናቶች ብዬ ነው።»

ትርፊት ለቲቶ ምልክት ሰጠችው። ቲቶ ካቴናውን ከኸይረዲን እጅ ፈትቶ ሶፎንያስ እጅ ላይ አደረገው። ሃቢባ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ምራቋን የተፋችባት ሴት ከድንኳኑ ሆና ታይ ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቀችም።

«አንተም ንጹሕ ነኝ ብለህ አትሂድ» አለችው ትርፊት ኸይረዲንን። «ገመድህን ነቅለህ ብትሄድ ኖሮ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት። ምናልባት ሲፈልግ ልቡ ይመለስ ነበር።»

ኸይረዲን በካቴና የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ አንገቱን ደፋ።

ሶፎንያስን ሲወስዱት እማማ ሊዲያ «ቆይ» አሉ። ሁሉም ቆመ።

«የወለደችህ እናት እንዴት እንደሞተች ነግሬህ አላውቅም። ያን ጊዜ ከገበያ ስትመለስ ዝናብና ምጥ አንድ ላይ ያዛት። የሁሉንም ደጅ መታች፣ ማንም አላስገባትም። ሰብሌ አስገባቻት። እሷ ሞተች፣ አንተ ተረፍክ። የሰብሌ ባል ይህ ልጅ ቤቴ አያድርም አለ። ሰብሌ በነጠላዋ ጠቅልላ እዚች ቦታ መጣችና ጠራችኝ። ‹ሊዲያ፣ ልጁን ተቀበዪኝ፣ በርዶታል› አለችኝ። በዚያ መሹለኪያ ነው የተቀበልኩህ።» እጃቸውን ወደ ዘንጎቹ ዘረጉ፣ አልነኩም። «የጠፋው አእምሮዋ አንድ ነገር ነበር የቀረው። በየጠዋቱ የምትሰጠኝ አንተን ነበር።»

ሶፎንያስ በካቴና በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። ቲቶ ክንዱን ይዞ ወሰደው። ሮዳስ እስከ በሩ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፣ ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ለብቻዋ ወጣች።

እማማ ሊዲያ አጥሩ ጋ እንደቆሙ ቀሩ።

«ልጄ» አሉት ኸይረዲንን። «ይህን ፍታልኝ።»

ኸይረዲን ብዙነህን አየ። ብዙነህ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኸይረዲን መፍቻውን ከተወው ቦታ አምጥቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ፓኔሉን ሲያነሳው ሃቢባ በሌላው ጫፍ ያዘችለት። ከሥሩ ያ ጎድጓዳ መሬት ወጣ፤ ያልተዘጋ ይመስል አሁንም የእግር መንገድ ነው።

እማማ ሊዲያ በመሹለኪያው ወደ ቤታቸው ግቢ ገቡ። ጥቂት ቆመው ማእድ ቤታቸውን አዩ። ከዚያ ዞረው በዚያው ተመለሱና ወደ ድንኳኑ አመሩ። ከድንኳኑ ደፍ ሲደርሱ ግን እግራቸው ቆመ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሙሾውን አቋርጠው ቦታ ለቀቁላቸው።

ትርፊት ክንዳቸውን ልትይዝ ጠጋ አለች።

«አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ» አሏት። «ለማን ነው የማለቅሰው?»

ትርፊት የአሮጊቷን እጅ አየች። እንግዳ ሰው እንደሚያደርገው አንገቷን ደፍታ እስኪገቡ ጠበቀች፣ ከዚያ ወጥታ ባጃጅ ጠራች።